አባቴ «ጠፋ» ሲል

መስከረም 6፣ 2014

ከዛሬ ጀምሮ ትልቁ ድስታችን ክዳን የለውም። እማ ገና አላወቀችም።

ክዳኑን አራት ቦታ ከፍዬ ሁለቱን ነጭ፣ ሁለቱን ጥቁር ቀባሁት። መሃሉን በስቼ በገመድ መንጠልጠያ አበጀሁለት፤ ገመዱ ጫፍ ላይ ደግሞ እንዲሰምጥ ድንጋይ አሰርኩ። ገመዱን በየስንዝሩ ቋጠርኩት። ሥራው ቀላል ነው። በታንኳ ወደ ሐይቁ መሃል ትገቢያለሽ፣ ክዳኑን ቀስ እያልሽ ወደ ውኃው ትለቂያለሽ፣ ዓይንሽ ሲያጣው ቋጠሮውን ታነቢያለሽ። የፀሐይ ብርሃን ውኃው ውስጥ እየደከመ እስከ የት እንደሚዘልቅ ከዚያ ይሰላል። ይህን ሁሉ ዓመት ፊዚክስ ተምሬ መመረቂያ ጥናቴ የድስት ክዳን ሆነ ብላት ስህን በስልክ ሳቋን ለቀቀችው። ስህን ደሴ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል የምንጋራ ጓደኛዬ ናት። «አፍንጫሽን ካልለጠፍሽበት አይታይሽም» አለችኝ። ሁሌም የፊት ወንበር ስለምይዝ ነው እንዲህ የምትለኝ። ጎበዝ ተማሪ ፊት ነው የሚቀመጠው።

አማካሪዬ መምህር ማህዲ አንድ ነገር አጥብቀው ነግረውኛል። «የአንድ ሰው ዓይን ያታልላል። ሁሌም ሁለት ሰው ያንብብ። ቁጥራችሁ ካልተቀራረበ አልቀበልሽም።» ሁለተኛው ሰው አባ ነው። ዕድሜውን እዚህ ሐይቅ ላይ ዓሣ ሲያጠምድ የኖረ ሰው ነው፤ ከሱ የተሻለ ዓይን ከየት ይመጣል?

ይህን ጥናት መጨረስ አለብኝ። እህቴ ዙለይሃ ሪያድ ሰው ቤት መሥራት ከጀመረች ስድስተኛ ዓመቷ ነው። «አንቺ የተመረቅሽ ቀን እኔ ሻንጣዬን አስራለሁ» ብላኛለች። እኔ በዘገየሁ ቁጥር እሷም ትዘገያለች ማለት ነው።

ልጆች ሆነን እማ ከመተኛታችን በፊት የዕለቱን ሹክር፣ የምናመሰግንበትን ነገር፣ ታስጠራን ነበር። አሁን እዚህ እጽፈዋለሁ። የዛሬ ሹክር፦ ስለ ክዳኑ። እማ እስክታውቅ ድረስ።

መስከረም 9

እማ አወቀች። «ያ ሁሉ ሕንፃ ያለው ዩኒቨርሲቲ የራሱ ክዳን የለውም?» አለች። ከዚያ ድስቱን በሰፌድ ከድና ሥራዋን ቀጠለች።

የመጀመሪያውን ልኬት ወሰድን። ቀኑ ብራ፣ ውኃው ጸጥ ያለ። አባ ጎንበስ ብሎ በመዳፉ ፀሐዩን ከልሎ፣ «አለ... አለ... አለ... ጠፋ!» አለ። ለኔ ገና ይታየኝ ነበር። ክዳኑን አንድ ቋጠሮ ያህል ከለቀቅኩ በኋላ ነው እኔም ያጣሁት። ደጋገምነው፤ ሁሌም እሱ ይቀድመኛል።

«ሐይቁ ዘንድሮ ደፍርሷል» አለ።

«ለኔኮ አልደፈረሰም አባ።»

«አንቺማ ያልተነካ ዓይን ነው ያለሽ፤ ማሻአላህ።»

ስንመለስ ታንኳዋን ከማሰሪያው ድንጋይ ጋር አጋጫት። እንዲህ አድርጎ አያውቅም። ወሬ ይዘን ስለነበር ነው።

የዛሬ ሹክር፦ አባቴ አብሮኝ ስለሚሠራ። የክፍል ጓደኞቼ እንዲህ ያለ ነገር የላቸውም።

መስከረም 16

ሦስት ቋጠሮ ተራራቅን። ለመምህር ማህዲ ደውዬ ነገርኳቸው። «ወይ ውኃው፣ ወይ ገመዱ፣ ወይ ዓይኑ ችግር አለበት። አጣርተሽ ተመለሺ» አሉ። ውኃው አንድ ነው። ገመዱን ሙሉውን ፈትቼ እንደገና ቋጠርኩት። እጄ ተላጠ።

አባን ተቆጣሁት። «በደንብ አይተህ ንገረኝ እንጂ፤ ቸኩለህ ነው የምትለው» አልኩት። «እሺ ልጄ» ብሎ ጢሙ ውኃ እስኪነካ ጎነበሰ። ያም ሆኖ ቀደመኝ። ሽማግሌን መቆጣት ምን የሚሉት ነው? ይቅርታ ልጠይቀው አስቤ ተውኩት፤ ነገ እጠይቀዋለሁ።

አሁን መቅዘፊያውን ለኔ ሰጥቶኛል፤ ትከሻዬን አመመኝ ይላል።

መስከረም 21

ዛሬ የግሸን ማርያም በዓል ነው። ሌላ ዓመት በዚህ ሰሞን መንገዱ በተሳላሚ አውቶቡስ ይጨናነቅ ነበር። ዘንድሮ የሚያልፈው በጦርነቱ ከወልድያና ከመርሳ በኩል የተፈናቀለ ሰው ነው። ፍራሽ በራሱ፣ ዶሮ በብብቱ ይዞ ወደ ደሴ ይወርዳል። ትምህርት ቤቱ ሞልቶ ተርፏል።

ሱቅ ሄጄ ጎረቤታችንን ሰዑድን ሰማሁት። ሰዑድ ጧት ጧት ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ላይ ዋርካው ሥር የማይጠፋ ሰው ነው። እንዳለሁ አላየኝም። «ኸሚስ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ከገባች ወዲህ ሰላምታ ከበደው። ትናንት በአጠገቤ ጭጭ ብሎ አለፈ» እያለ ለባለ ሱቁ ያወራል። እኛ አገር ሰውን ሳይሰላመቱ ማለፍ ከስድብ ይብሳል። ደሜ ፈላ። አባቴን? የሰው ከብት እንኳ «እንዴት አደርሽ» ሳይል የማያልፈውን ሰው?

ለእማ ነገርኳት። ድስቱን ማማሰሏን ቀጠለች። ከዚያ «ሐሳብ በዝቶበት ነው» አለች፤ ፊቷን ግን ወደኔ አላዞረችም።

የዛሬ ሹክር፦ ቤታችን ቤት ስለሆነ። ሌላ አይመጣልኝም።

መስከረም 30

እንግዳ መጣችልን። ተሾመች ትባላለች፤ ከውጫሌ ነው የሸሸችው። ባሏና ወንድሞቿ ከብቶቹን ይዘው ወደ አምባሰል ተራራ ወጥተዋል። ቅሬው፣ የሰፈሩ ዕድር፣ ተፈናቃዮቹን በየቤቱ ሲያከፋፍል እማ «ለኔ አንድ ስጡኝ» ብላ አመጣቻት። ክርስቲያን ስለሆነች የእርድ ነገር እንዳያስቸግር ሥጋ በቤታችን ቀርቷል። ሽሮና ዓሣ ብቻ ነው የምንበላው። ተሾመች ሥራ ስትይዝ በአምባሰል ዜማ ታንጎራጉራለች፤ ቃል የለውም፤ አባ ድምፅዋን እየሰማ ይቀመጣል።

ዛሬ ማታ «አባትሽ ብርጭቆውን እየዳበሰ ነው የሚያነሣው» አለችኝ። ጨለማ ነው፣ መብራት የለም አልኳት። እውነትም ጨለማ ነበር።

ጥቅምት 5

ትምህርት የሚጀመርበት ቀን ተራዘመ። እስከ መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ስህን ደሴ ቤተሰቦቿ ጋ ናት። «አብሽሪ፣ የትም አይሄድም ዲግሪው» አለችኝ። ዲግሪውስ አይሄድም፤ ዙለይሃ ግን ትናንት ደውላ «ስንት ወር ቀረሽ?» አለችኝ። ያለወትሮዋ ነው። አሠሪዎቿ ሌላ ቤት ሊያስተላልፏት መሰለኝ፤ አልነገረችኝም።

አባ የተቀደደ መረብ እየጠገነ መርፌውን ወደኔ ዘረጋ፤ «ክሩን አስገቢልኝ» አለ። ተሾመች ቀድማኝ ተቀበለችው። ትንሽ ቆይቶ ወደ ሰማይ አየና፣ «ዛሬ ጨረቃዋ መንታ ወለደች» አለ። ሁላችንም ሳቅን። አባ ቀልድ ያውቃል።

የዛሬ ሹክር፦ በዚህ ጊዜ የሚያስቀን ሰው ስላለን።

ጥቅምት 9

መውሊድ። ሰው ፈርቶ ይቀራል ብለን ነበር፤ እንዲያውም በዛ። ዱአው ላይ አባን መርቅ አሉት። «ያ ረቢ፣ ዓይናችን ያላየውን ክፉ ከበራችን መልስልን፤ የተበተነውን ሰብስብልን፤ ልጆቻችንን ለወግ ለማዕረግ አብቃልን» አለ። አሚን ስንል ቤቱ ተናጋ። ተሾመችም ከጓዳ ሆና አሚን አለች። ሰዑድም ከሰዉ ጋር ነበረ፤ አንገቱን ደፍቶ አሚን አለ እንጂ አባን ቀርቦ አልሳመውም።

ጥቅምት 17

ከባድ መሣሪያ ይሰማል። ከሐሮ በኩል ነው ይላሉ። ላፕቶፔን በላስቲክ ጠቅልዬ ጎታው ውስጥ ጤፉ ሥር ቀበርኩት። ክዳኑን ማን ይፈልገዋል ብዬ ተውኩት።

ጥቅምት 20

ታጣቂዎቹ ከተማ ገቡ። ኔትወርክ የለም። ሁላችንም አለን። አልሃምዱሊላህ።

ጥቅምት 25

የሆነውን ልጻፍ፤ ሰፈሩ ሌላ ወሬ የለውም።

ዛሬ ጧት አባ መረቡን ትከሻው ላይ ጥሎ ወደ ሐይቁ ወጣ። አትሂድ ብንለው እምቢ አለ፤ ቤት ለወጥ የሚሆን ምንም አልቀረም። እኔ ከኋላው ሃያ እርምጃ ያህል ቀርቼ እከተለዋለሁ። ዋርካው ሥር ክላሽ የያዘ ታጣቂ ቆሟል። እኔ ደርቄ ቀረሁ። አባ ግን ቀጥ ብሎ ሄደ፤ እጁን ዘርግቶ፣ በዚያ ደስ በሚለው ድምፁ፣

«እንዴት አደርክ የኔ ወንድም? ልጆቹ ደህና? ላሚቱ ወለደችልህ?»

ታጣቂው ግራ ገባው። ወጣት ነው፤ ከኔ አይበልጥም። «ደህና» አለ በተሰባበረ አማርኛ። አባ ለአፍታ ቆም አለ። ከዚያ እጁን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ «አላህ ከክፉ ይሰውርህ፣ በሰላም ለእናትህ ያብቃህ» ብሎ መረቀው። ልጁ ጠመንጃውን ወደ ጎን አድርጎ «ሂድ አባት» አለው። አባም አለፈ፤ እኔም ተከተልኩት።

ከቀትር በኋላ ሰዑድ ራሱ ቤታችን መጣ። «ወሏሂ፣ እኛ በር ዘግተን ተቀምጠን ኸሚስ በምርቃት መንገድ ከፈተ» አለና አባን አቅፎ ሳመው። የመስከረሙ ቂም በዚያው ቀረ። ዓሣ አጥማጆቹ ሁሉ ዛሬ ወደ ሐይቁ ወረዱ። አባ ሲያሞግሱት አንዲት ቃል አልተነፈሰም፤ ጀግና ሰው እንዲህ ነው። እማ ብቻ እጁን ይዛ ለብዙ ጊዜ አልለቀቀችውም።

የዛሬ ሹክር፦ የኸሚስ ልጅ ስለሆንኩ።

ኅዳር 4

ቀን ቀን አጠናለሁ። መጻሕፍቴን ከዕቃ ጓዳ አውጥቼ በመስኮቱ ብርሃን አነባለሁ፤ በተረፈው ሰዓት ከተሾመች ጋር ባቄላ እንፈለፍላለን። መቼ እንደምፈተን ሳላውቅ ማጥናት ሞኝነት ይመስላል። ግን ካልሠራሁ ጥይት ብቻ ነው የምሰማው።

አባ «ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ» አለኝ። ምኑን ብለው፣ «ስለ ብርሃን ያለውን» አለ። እንግሊዝኛውን እየተረጎምኩ አስረዳሁት። ብርሃን ውኃ ውስጥ ሲገባ በየመንገዱ የሚንሳፈፈው ጭቃና አልጌ እያስቀረው ይሄዳል፤ ለዚህ ነው ክዳኑ የማይታየን አልኩት። ጢሙን እያሻሸ፣

«እንግዲያ ክዳኑ አልጠፋም።»

«አልጠፋም፤ እዚያው ነው።»

«ብርሃኑም አልጠፋም። መሃል ላይ የያዘው ነገር አለ እንጂ።»

«ልክ ነህ አባ።»

«የያዘው ነገር ቢነሣለትስ?»

«ይታያላ።»

«አልሃምዱሊላህ» አለ። ፊዚክስ እንዲህ የሚገባው ሰው መሆኑን አላውቅም ነበር። ትምህርት ቤት ቢገባ የት በደረሰ! በጣም ደስ አለኝ።

ኅዳር 13

ትናንት መሃል ሐይቅ ላይ ሳለን ከከተማው በኩል ተኩስ ተከፈተ። ወደ ቤት መመለስ አልቻልንም። እስጢፋኖስ ገዳም ወዳለበት ምድር ቀዘፍኩ፤ እጄ እስኪደማ። ሴት ከቅጥሩ እንደማትገባ አውቃለሁ፤ ዳርቻው ሸንበቆ ውስጥ ታንኳዋን ደብቀን ተቀመጥን። አንድ መነኩሴ ከላይ አይተውን ዳቦና ውኃ ይዘው ወረዱ።

«እንደምን ዋላችሁ?» ሲሉ አባ ወዲያው፣ «አባ፣ ድምፅዎን አወቅኩት፤ ከዓምና ጀምሮ ጉንፋኑ አለቀቅዎትም?» አላቸው። መነኩሴው ሳቁ። ተኩሱ እስኪበርድ አጠገባችን ቁጭ አሉ፤ ዛሬ ጧትም እሳቸው ናቸው መንገዱ ደህና መሆኑን ያስጠየቁልን። ስንለያይ አባን ወደ ጎን ወስደው የሆነ ነገር ነገሩት። ምን አሉህ ብለው፣ «ለልጅህ ንገራት አሉኝ» አለ። ምኑን? «እንድትመገቢ» አለ።

የዛሬ ሹክር፦ ያ ዳቦ። በሕይወቴ እንዲህ የጣፈጠኝ ነገር የለም።

ኅዳር 29

ወጡ! የገዳሙ ደወልና የመስጊዱ አዛን ተከታትለው ተሰሙ። ሰው መንገድ ላይ ወጥቶ ይላቀሳል። ጎታው ደህና ነው፤ ላፕቶፑም ይሠራል። ክዳኑም አለ። ተሾመች ነገ ከነገ ወዲያ ወደ ውጫሌ ልትሄድ ነው፤ ባሏ መትረፉን ሰምታለች። ሹክሩን ከየት ልጀምረው?

ታኅሣሥ 4

ቶሎ ልጻፈው።

ጧት ክዳኑን ይዘን ወጣን። ቸኩዬ ነበር፤ ያለፈብኝን ልኬት ላካክስ ብዬ። መሃል ስንደርስ ገመዱን ለቀቅኩ። አባ እንደ ሁልጊዜው በመዳፉ ፀሐዩን ከልሎ ጎነበሰ። «አለ» አለ። ቋጠሮ ለቀቅኩ። «አለ።» ሌላ ለቀቅኩ። «አለ።» እግሬን ሳነሣ አንድ ነገር ረገጥኩ።

ክዳኑ ታንኳዋ ውስጥ ነበር። እግሬ ሥር። ገመዱ ላይ ማንጠልጠል ረስቼዋለሁ። ውኃው ውስጥ ያለው ድንጋዩ ብቻ ነው።

«አሁን ጠፋ!» አለ አባ።

 «እሺ አባ፤ መዘገብኩት» አልኩ። ደግሜ ለቀቅኩት፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። «አለ... አለ... ጠፋ» አለ። የገመዱን መርዘም በጆሮው እየተከተለ ነው። ፈገግ እንዳለ ነው። እኔ ድምፅ እንዳይወጣኝ ከንፈሬን ነክሼ ወደ ገዳሙ በኩል ዞርኩ።

ታኅሣሥ 5

ብርጭቆው። መርፌው። ጨረቃዋ። ማሰሪያው ድንጋይ። ሰዑድ። ያ ታጣቂ፤ አምላኬ ሆይ፣ ያ ታጣቂ!

መምህር ማህዲ «ወይ ዓይኑ» ብለውኝ ነበር። ገመዱን ፈታሁ እንጂ።

ታኅሣሥ 9

ለእማ ነገርኳት። ታውቃለች። ከረመዳን ጀምሮ ታውቃለች። «እንዳትነግሪያት ብሎ አስምሎኛል» አለችኝ።

ልቆጣ አሰብኩ፤ ማልቀስ ቀደመኝ። ከዚያ ያሰብኩትን ተናገርኩ። ዩኒቨርሲቲው ሲከፈት አልመለስም፤ ዓሣውን እኔ አጠምዳለሁ፤ ዙለይሃም ትምጣ፤ ሰው እናቱና አባቱ እየተቸገሩ ስለ ብርሃን አያጠናም። አባ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ኖሯል።

«ይኸው!» አለ። ተቆጥቶ አያውቅም፤ ዛሬ ተቆጣ። «ይህን ፈርቼ ነው የደበቅኩት። ብታውቂ ደብተርሽን ዘግተሽ መረቤን እንደምታነሺ አውቄ! እህትሽ ያንን ሁሉ ዓመት የሰው ቤት የጠረገችው አንቺ ዓሣ እንድታጠምጂ ነው?»

«ታዲያ ልኬቱን ለምን ዋሸኸኝ?»

«ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል አልሽኝ። ሁለተኛ ሰው ሆንኩልሽ።»

 አጠገቡ ሄጄ ተንበርክኬ ራሴን ጉልበቱ ላይ አደረግኩ። በመስከረም ያልጠየቅኩትን ይቅርታ ያኔ ጠየቅኩት። የቱን እንደሆነ እንኳ አላስታወሰም።

ኔትወርክ ትናንት ተለቋል። ዙለይሃ ስትሰማን አንድ ሰዓት ሙሉ አለቀሰች፤ ሞታችኋል ብላ ነበር። ስለ አባ ዓይን ስነግራት፣ «ፊዚክስ ተማሪዋ አንቺ ነሽ፤ መፍትሔ ፈልጊ እንጂ ደብተርሽን እንዳትዘጊ። ወሏሂ፣ ብታቋርጪ አልመጣም» ብላ ዘጋችብኝ። ወዲያው ደግሞ ደውላ ይቅርታ ጠየቀችኝ።

ታኅሣሥ 21

ሰሞኑን ስህን ደወለች፤ ሁሉንም ነገርኳት። «ደፍርሷል ያለው ሐይቁን ሳይሆን ዓይኑን ነዋ!» አለች። በነጋታው መልሳ ደወለች። ከአዲስ አበባ የዓይን ሐኪሞች ደሴ ሊመጡ ነው፤ የአባን ስም አስመዝግባለች፤ ከነሱ ቤት እንድናርፍም እናቷ አልጋ አንጥፈዋል። የነሱም ቤት ተዘርፏል፤ ያላቸው አልጋ ያ ብቻ እንደሆነ በኋላ ነው የሰማሁት።

የዛሬ ሹክር፦ ስህን። ስህን። ስህን።

ጥር 12

ደሴ። ሐኪሟ በመብራት አይታ «ሞራ ነው፤ ብሌኑ ጀርባ ያለው ሌንስ ጉም ለብሷል። ይነሣል» አለች። አባ ወደኔ ዞሮ፣ «የያዘው ነገር ቢነሣለት ይታያል አላልሽኝም?» አለ። ያን ቀን ኅዳር ላይ እኔ ስለ ውኃ ነበር የማወራው። እሱ ግን ተስፋውን ከኔ አፍ እየለቀመ ነበር።

የቀኝ ዓይኑን ሠሩለት። ነገ ይፈታል። ዱአ አድርጉልኝ ብዬ ለተሾመች ጭምር ደወልኩላት። «ለማርያም ነግሬያታለሁ» አለችኝ።

ጥር 13

ፋሻው ሲነሣ መጀመሪያ ያየው የስህንን እናት ነጠላ ጥለት ነው። «አረንጓዴ!» አለ። ከዚያ እኔን አየኝ። «ከስተሻል» አለኝ። ሌላ ምንም አላለም፤ ፊቴን በሁለት እጁ ይዞ አየኝ፣ አየኝ፣ አየኝ።

ጥር 19

አባን ይዤ ሐይቅ ከተማ ገባሁ። ከመኪና መውረጃው እስከ ቤት ሩብ ሰዓት የማይሞላውን መንገድ ግማሽ ቀን ፈጀንበት። ያገኘውን ሁሉ ከሩቅ በስሙ ይጠራል፤ «ባለፈው ሳልሰላመትህ አልፌህ ከሆነ አፉ በለኝ» ይላል። ዋርካው ሥር ስንደርስ ሰዑድን አገላብጦ አየውና፣ «ሰዑድ፣ እንዴት አርጅተሃል!» አለው። ሰዑድ እስኪያስነጥሰው ሳቀ።

ያኔ ስለዚያ ታጣቂ ጠየቅኩት። «ሰዑድ መስሎህ ነው?» አልኩት።

«ሰዑድ መስሎኝ ነው። ድምፁን ስሰማ እንዳልሆነ አወቅኩ።»

«አወቅክና መረቅከው?»

«ከሰላምታ በኋላ ምርቃት ነው ልጄ። ሰላምታውን ጀምሬው ነበር፤ መሃል ላይ ይቆማል እንዴ? ደግሞ የሰው ልጅ ነው። ለእናቱ በቅቶ ይሆን?» አለ።

ጥር 27

የዩኒቨርሲቲው ጥሪ ወጣ፤ በአሥር ቀን ውስጥ ግቢ እንድንገባ። ቤተ ሙከራው ተዘርፎ ባዶ ነው፣ ወንበርም የለም አሉ መምህር ማህዲ። «ያንቺ መሣሪያ ግን ተርፏል፤ ዘንድሮ ከክፍሉ ሁሉ ዕቃ ያለሽ አንቺ ብቻ ነሽ» ብለው ሳቁ። ስለ አባ ልኬት እውነቱን ነገርኳቸው። «የድሮውን ሁሉ ተዪው። ከዛሬ ጀምረሽ ውሰጂ፤ ሁለታችሁም» አሉኝ። በየሳምንቱ እየመጣሁ ብለካ ለሐምሌው ምርቃት እደርሳለሁ። ለዙለይሃ ነገርኳት። «ሻንጣው እንግዲህ ሐምሌ ላይ ይታሰራል» አለች። ድምፅዋ እንደ ድሮው ነበር።

የካቲት 1

ጧት ወጣን። ክዳኑን ማንጠልጠሌን ደጋግሜ አየሁ። አባ ራሱ ቀዘፈ፤ ትከሻው ድኗል።

ለቀቅኩት። «አለ» አለ። «አለ» አልኩ እኔም። ቋጠሮ በቋጠሮ ወረደ። ነጩ አረንጓዴ እየሆነ፣ ጥቁሩ ከውኃው ጋር እየተቀላቀለ ሄደ፤ ከዚያ አጣሁት።

«ጠፋ» አልኩ።

«አለ» አለ አባ።

«አባ፣ ስለ አላህ፤ አሁን ደግሞ ለኔ ብለህ አትዋሸኝ።»

«አለ አልኩሽ። ልቀቂ።»

ሌላ ቋጠሮ ለቀቅኩ። «አለ።» ሌላ። «አለ፤ እንዲያውም አንዱ ነጭ ላይ ቀለሙ ተልጧል።» አላመንኩትም። ቀና ብዬ አየሁት። በአንድ እጁ ወደ ገዳሙ ዳርቻ አመለከተኝ። «እዚያ ሸንበቆው ዳር የቆመው ወፍ ምን ዓይነት ነው?»

አየሁ። ሸንበቆ አየሁ። ዓይኔን አጠበብኩ። ወፍ የለም።

አባ መቅዘፊያውን አስቀመጠ። ወደኔ ጠጋ ብሎ አገጬን ቀና አደረገና ዓይኔን እንደዚያች ሐኪም መረመረኝ። ከዚያ ሳቁ መጣበት፤ ታንኳዋ እስክትወዛወዝ ሳቀ።

«የፊት ወንበር!» አለ። «ስህን ነገረችኝኮ! ይህን ሁሉ ዓመት ሰሌዳው ካፍንጫሽ ሥር ካልሆነ አላየሽም፤ እኔን ግን በደንብ እይ ብለሽ ተቆጣሽኝ!»

እኔም ሳቅኩ፤ እያለቀስኩ ሳቅኩ። ግቢ ስገባ መነጽር አስለካለሁ። እስከዚያው መምህር ማህዲ ሁለት ዓይን ካልተቀራረበ አልቀበልም ማለታቸውን ነገርኩት።

«ታዲያ ዛሬ የማንን ልትጽፊ ነው?» አለኝ።

እርሳሴን አወጣሁ። የሱን ጻፍኩ።